የእርሻ ሰፈርና የአትክልት መደብ፤ ጉዳት ያለባቸው ሕፃናት በመሬት ሥራ የተማሩበት ታሪክ ከ1848 ወዲህ

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ነገር ሲያዩት ጠባብ ይመስላል። ይኸውም የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ያለባቸው ሕፃናት ከመሬት፣ ከዘርና ከከብት ጋር እየዋሉ እንዲማሩ የተደረገበት አሳብ ከየት እንደ መነጨ፣ በምን ምክንያት እንደ ተጣመመና እንዴት እንደ ተቃና ለማስረዳት ነው። ዛሬ በብዙ አገር ያሉ መምህራን ይህን አሳብ አዲስ ግኝት አድርገው ያወሩለታል። እኛ ግን አሳቡ ከ150 ዓመት በላይ ያስቈጠረ መሆኑን፣ በመካከሉም አንድ ክፉ ዘመን ማለፉን ለማሳየት እንሞክራለን። ምሳሌያችንን በብዛት የምናመጣው ከአሜሪካ፣ በተለይም ከማሳቹሴትስ ክፍለ አገር ነው፤ ምክንያቱም የአሳቡ መልካም ገጽና ክፉ ገጽ በአንድ ትምህርት ቤት ታሪክ ውስጥ ተገናኝተው የሚታዩት በዚያ ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮጳ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። በ19ኛው መቶ ዓመት ሰነዶች ላይ «ጅል» የሚል ትርጕም ያለው ቃል በሕግና በትምህርት ቤት ስም ሳይቀር ይገኛል፤ እኛ ከስም በቀር አንጠቀምበትም።

ነገሩ የሚጀምረው በፈረንሳይ አገር ነው። በ1812 የተወለደው ኤዱዋር ሴጌን የዶክቶር ኢታር ደቀ መዝሙር ነበር። ኢታር በአቬሮን ጫካ የተገኘውን ልጅ ለማስተማር ብዙ የደከመው ሐኪም ነው። ሴጌን በፓሪስ ቢሴትር በተባለው ሆስፒታል አስተማረ፤ በ1846 ትልቅ መጽሐፉን አሳተመ፤ ከ1848ቱ አብዮት በኋላም ወደ አሜሪካ ተሻገረ። የትምህርቱ መሠረት አእምሮ የሚነቃው በእጅ፣ በእግርና በስሜት ሕዋሳት በኩል ነው የሚል ነበር። በ1866 በእንግሊዝኛ ባወጣው መጽሐፍ ለልጆቹ የሚሻለው ማሠልጠኛ አካፋ፣ የእጅ ጋሪ፣ የውሃ ማጠጫና እነዚህን የመሳሰለው የዕለት ተዕለት መሣሪያ ነው ይላል። ለጂምናስቲክ ብቻ ተብሎ የተሠራው ዕቃ ለልጁ ትርጕም የለውም፤ አካፋ ግን ትርጕም አለው። ልጁ ሲቈፍር ጕድጓዱን ያያል፤ ጋሪውን አዛብቶ ከገፋ አፈሩ ይደፋበታል፤ ስሕተቱን የሚነግረው መምህሩ ሳይሆን ሥራው ራሱ ነው።

ይህ አሳብ ለእኛ አገር ገበሬ እንግዳ አይመስለንም። የገበሬ ልጅ አስቀድሞ ጥጃ ይጠብቃል፤ ከዚያ ወፍ ያባርራል፤ በግና ፍየል፣ ቀጥሎም ከብት ያግዳል፤ እርፍ ለመጨበጥ የሚበቃው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሥራው በዕድሜና በጕልበት ልክ እየተመጠነ ይሰጣል፤ ነገሩ ቀስ ብሎ የሚገባው ልጅም ከአንዱ ደረጃ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቈያል እንጂ ሥራ ፈት አይሆንም። ሴጌን በብዙ ድካም የደረሰበት ደረጃ በደረጃ የማስተማር ዘዴ ከዚህ የራቀ አይደለም።

የሴጌን አሳብ በማሳቹሴትስ ጓደኛ አገኘ። ዶክቶር ሳሙኤል ግሪድሊ ሃው በ1801 ቦስተን የተወለደ፣ በወጣትነቱ ለግሪክ ነፃነት የዘመተ፣ በኋላም የፐርኪንስ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዲሬክተር የሆነ ሰው ነው። ዓይኗም ጆሮዋም የተዘጋውን ሎራ ብሪጅማንን በጣቶቿ ፊደል አስተምሮ ስሙ በዓለም ተሰማ። በ1846 የክፍለ አገሩ ምክር ቤት የአእምሮ ጉዳት ያለባቸው ሰዎች በምን ሁኔታ እንደሚኖሩ የሚመረምር ኮሚሽን አቋቋመ፤ ሃውም መሪው ሆነ። ሪፖርቱ በ1848 ሲቀርብ ምክር ቤቱ በዓመት 2,500 ዶላር ለ3 ዓመት ፈቀደ፤ በዚህ ገንዘብ 10 ልጆች እንዲማሩ ተወሰነ፤ ትምህርቱም በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በፐርኪንስ ግቢ ተጀመረ። በአሜሪካ ምድር በመንግሥት ገንዘብ የተከፈተ የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት ትምህርት ቤት ይህ ነው።

ሃው ስለዚህ ትምህርት ቤት የነበረው አሳብ በደንብ ሊታወቅ ይገባል፤ ኋላ የመጣው ሁሉ ከዚህ ጋር ይመዘናልና። ትምህርት ቤቱን እንደ ዘለዓለም መኖሪያ አላየውም፤ ለሕዝብ ልጆች ሁሉ ከተከፈቱት ትምህርት ቤቶች እንደ አንዱ ይቈጥረው ነበር። ልጁ ጥቂት ዓመት ተምሮ፣ መልበስና መብላት፣ መናገርና በእጁ መሥራት ለምዶ ወደ እናቱ ቤት መመለስ ነበረበት። በ1866 በኒው ዮርክ ክፍለ አገር ባታቪያ በተባለች ከተማ ለዓይነ ስውራን የሚሠራ ትልቅ ሕንጻ የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ ሃው ንግግር እንዲያደርግ ተጋበዘ። ተጋብዞ ሲመጣ የተጠበቀው ምስጋና ነበር። እርሱ ግን በዚያ ክብረ በዓል ላይ ቆሞ እንዲህ ያሉ ተቋሞች ሊበዙም ሊሰፉም እንደማይገባ፣ አንድ ዓይነት ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች በአንድ ግቢ ማከማቸት ጉዳቱን እንደሚያከፋ፣ ዓይነ ስውሩም መስማት የተሳነውም በጤነኛው ሕዝብ መካከል ተበትኖ ቢኖር እንደሚሻል ተናገረ። በዚያ ዘመን ይህን የሚል ሰው ጥቂት ነበር፤ ለዚያውም ዕድሜውን በእንዲህ ያለ ተቋም መሪነት ያሳለፈ ሰው መሆኑ ንግግሩን ያከብደዋል። ጋባዦቹ ሕንጻውን መሥራታቸውን አልተዉም።

ሃው በ1876 ሞተ። ከ11 ዓመት በኋላ የትምህርት ቤቱን አመራር የተረከበው ዶክቶር ዋልተር ፈርናልድ ነው። በርሱ ዘመን ትምህርት ቤቱ ከቦስተን ወጥቶ ዋልታም ወደምትባለው ከተማ ተዛወረ፤ የልጆቹም ቍጥር ከአሥርና ከመቶ ወደ ብዙ መቶ አደገ። በዚህ ጊዜ ሃው ያላሰበው ችግር መጣ። ልጆቹ አደጉ፤ ወላጆቻቸው ሞቱ ወይም ሊወስዷቸው አልፈለጉም፤ በኢንዱስትሪ የተጨናነቀው ከተማም ሥራ አልሰጣቸውም። ትምህርት ቤት የነበረው ስፍራ ሳይታሰብ የጐልማሶች መኖሪያ ሆነ።

ፈርናልድ ለዚህ መፍትሔ ይሆናል ብሎ ያገኘው እርሻን ነው። በ1899 ከቦስተን በስተምዕራብ 60 ማይል ያህል ርቆ በሚገኘው ቴምፕልተን ከ1,500 ኤከር በላይ መሬት ተገዛ፤ ይህም በእኛ ልኬት ከ15 ጋሻ የማያንስ ነው። መሬቱ ድንጋያም ነበር፤ ቀድሞ የነበሩት ገበሬዎች ወደ ከተማና ወደ ምዕራብ ስለ ተሰደዱ በርካሽ ተገኘ። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ወንዶቹ በትንንሽ ቡድን እየሆኑ በአሮጌ የገበሬ ቤቶችና ቀለል ባለ ወጪ በተሠሩ ማደሪያዎች ሰፈሩ። ድንጋይ ለቀሙ፤ ቍጥቋጦ መነጠሩ፤ ድንች ተከሉ፤ ላም አለቡ። ምርቱ በዋልታም ለሚኖሩት ይላክ ነበር። ሌሎች ክፍለ አገሮችም አይተው ይህን የመሰለ የእርሻ ሰፈር አቋቋሙ።

አንዳንድ የዘመናችን ጸሐፊዎች ቴምፕልተንን ከመነሻው እስር ቤት አድርገው ይጽፉታል። እኛ በዚህ ሙሉ በሙሉ አንስማማም። ከከተማው ግቢ ረጃጅም መኝታ ቤት ይልቅ ሜዳው ይሻል ነበር፤ ከጥቂት ሰዎች ጋር በአንድ የገበሬ ቤት መኖር ከመቶ ሰው ጋር በአንድ አዳራሽ ከማደር ይሻላል፤ ሥራም ከሥራ ፈትነት ይሻላል። ፈርናልድ ይህን ሲል የሚያምንበትን ነው የተናገረው። ጥፋቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ለሴጌን አካፋው የልጁን አእምሮ ማንቂያ ነበር፤ ለቴምፕልተን አስተዳደር ግን አካፋው የተቋሙን ወጪ መቀነሻ እየሆነ ሄደ። ጐበዝ ሠራተኛ የሆነው ልጅ፣ በሃው አሳብ ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ቤቱ መሄድ የሚገባው እርሱ ሳለ፣ ለሰፈሩ እጅግ የሚያስፈልግ ሰው ሆነ። ያለ ደመወዝ የሚሠራን ብርቱ ሰው ማን ያሰናብታል? ትምህርት የነበረው ነገር ወደ አገልጋይነት የተለወጠው በማንም ክፉ ውሳኔ ሳይሆን በሒሳብ መዝገብ በኩል ነው ብለን እናምናለን።

በዚያው ዘመን ለሌሎች ሕፃናት የተደረገውን ብናስተያይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በ1902 ፋኒ ግሪስኮም ፓርሰንስ የተባሉ እመቤት በኒው ዮርክ ከተማ ዴ ዊት ክሊንተን በተባለው መናፈሻ የልጆች የትምህርት እርሻ ከፈቱ። የድኾች ሰፈር ልጆች እያንዳንዳቸው ትንሽ መደብ እየተሰጣቸው አትክልት ተከሉ፤ የዘሩትንም ወደ ቤታቸው ይወስዱ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ላይም መንግሥት ራሱ የትምህርት ቤት አትክልተኞች ሠራዊት የሚል ማኅበር አቋቁሞ ብዙ ተማሪዎችን በአትክልት ሥራ አሰለፈ። እንግዲህ በአንድ አገር፣ በአንድ ዘመን፣ ሁለት የልጆች እርሻ ነበረ። አንደኛው ልጅ ከትምህርት በኋላ ሰላጣውን ይዞ ወደ እናቱ ይሮጣል፤ ሁለተኛው ልጅ ድንቹን ጭኖ ይልካል እንጂ ራሱ አይሄድም። ሁለቱ እርሻዎች ለ70 ዓመት ያህል አልተገናኙም።

የፈርናልድ የራሱ አሳብ ታሪክ ለተማሪ እጅግ ጠቃሚ ነው። በ1912 ባደረገው ንግግር የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች ለኅብረተሰቡ እንደ ከባድ ሸክምና እንደ አደጋ አድርጎ ገለጣቸው፤ ይህም ንግግር በዚያ ዘመን እየተስፋፋ ለነበረው ዘርን እናጥራ ለሚለው እንቅስቃሴ ስንቅ ሆነ። ያ እንቅስቃሴ በ1927 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቨርጂንያ አንዲት ሴት ያለ ፈቃዷ እንድትመክን የተላለፈውን ውሳኔ እስኪያጸና ድረስ ደርሷል። ፈርናልድ ግን ቀደም ብሎ አንድ ነገር አደረገ፤ በ25 ዓመት ውስጥ ከትምህርት ቤቱ የወጡትን ሰዎች ኑሮ አስጠንቶ ውጤቱን በ1919 አሳተመ። ብዙዎቹ በቤተሰባቸው ግፊት እንጂ በተቋሙ ምክር የወጡ አልነበሩም። ሆኖም ከወጡት ብዙዎቹ በሰላም እየሠሩ ይኖሩ ነበር። ከዚህ በኋላ ፈርናልድ ቃሉን አለዘበ፤ በውጭ ሆነው የሚረዱበትም መንገድ እንዲሰፋ ደከመ። በ1924 ሞተ፤ ትምህርት ቤቱም በሚቀጥለው ዓመት በስሙ ተሰየመ። የ1912ቱ ንግግር ግን ከ1919ኙ ጥናት ይልቅ ሥር ሰደደ፤ አስፈሪ ነገር ከሚያጽናና ነገር ይልቅ ቶሎ ይሰማል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሆነውን በአጭሩ እናልፋለን። ተቋሙ ተጨናነቀ። ምንም የአእምሮ ጉዳት የሌለባቸው፣ ወላጅ በማጣታቸው ብቻ የገቡ ልጆችም ነበሩበት። ከ1946 እስከ 1953 የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች የሳይንስ ክበብ በሚል ስም ለሰበሰቧቸው ልጆች ጨረር ያለበት ንጥረ ነገር በገንፎና በወተት እየጨመሩ መገቧቸው፤ ለወላጆች በተላከው ደብዳቤም ስለ ጨረሩ አልተገለጠም። ነገሩ በ1993 መጨረሻ ለሕዝብ ከተሰማ በኋላ ኢንስቲትዩቱና ኩዌከር ኦትስ የተባለው ኩባንያ 1.85 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ለመክፈል ተስማምተዋል። ይህን የጠቀስነው ከእርሻው ጋር ስለሚያያዝ ነው፤ ጕልበቱ ያለ ክፍያ ሲወሰድ የኖረ ልጅ ሰውነቱም ያለ ፈቃዱ ቢወሰድ ጠያቂ አልነበረውም።

ዋናው ለውጥ የመጣው ከፍርድ ቤት ነው። የ1938ቱ የሥራ ደመወዝ ሕግ በ1966 ሲሻሻል ሆስፒታሎችንና እንዲህ ያሉ ተቋሞችን እንዲጨምር ተደርጎ ነበር፤ የሥራ ሚኒስቴሩ ግን በተቋም ውስጥ ለሚሠሩ ታካሚዎች ሥራ ላይ አላዋለውም። በ1973 ሶደር በብሬናን ላይ ባቀረበው ክስ የዋሽንግተን ፌዴራል ፍርድ ቤት ሕጉ ለእነርሱም እንዲፈጸም አዘዘ። ፍርዱ ትክክል መሆኑን አንጠራጠርም። ውጤቱ ግን ያልታሰበ ሆነ። ብዙ ተቋሞች ደመወዝ ከመክፈል ይልቅ ሥራውን መዝጋት መረጡ፤ ቀድሞውንም መዳከም የጀመሩት እርሻዎች ተዘጉ፤ ላሞቹ ተሸጡ፤ ከእርሻው ሌላ ሙያ ያልተማሩ ሰዎችም በአዳራሽ ተቀምጠው እንዲውሉ ሆነ። ጭቈናውን ያስቀረ ሕግ ሥራውንም አብሮ አስቀረ። በዚህ ነጥብ ላይ የሕግ ተማሪዎች ቢከራከሩ ደስ ይለናል።

በአሜሪካ ይህ ሲሆን በስኮትላንድ ሌላ መንገድ ተከፍቶ ነበር። ዶክቶር ካርል ኮኒግ ከአይሁድ ቤተሰብ በቪየና የተወለደ የሕፃናት ሐኪም ነው። በ1938 ሂትለር ኦስትሪያን ሲይዝ ተሰደደ፤ ከጥቂት ወጣት ጓደኞቹም ጋር በአበርዲን አቅራቢያ ተጠለለ። በ1940 የእንግሊዝ መንግሥት ከጠላት አገር የመጡትን ወንዶች ሲያግዝ ኮኒግም ታሰረ፤ በሰኔ 1 ቀን ወደ ካምፕሂል ርስት ገብተው ቤቱን ያቀኑት ሴቶቹ ናቸው። የካምፕሂል እንቅስቃሴ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ስደተኞቹ ራሳቸው አገርና ሥራ የተነፈጉ ስለ ነበሩ ከኅብረተሰብ ውጭ የተጣለውን ልጅ ኑሮ ያውቁታል። ሠራተኞቹ ደመወዝ አልነበራቸውም፤ ከልጆቹ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ይኖሩ፣ በአንድ ማዕድ ይበሉ ነበር፤ የሠራተኞቹ ልጆችም በዚያው አብረው አደጉ። በ1955 በዮርክሺር ቦተን የተባለው መንደር ለጐልማሶች ተከፈተ፤ በዚያም እርሻ፣ የወተት ሥራና የአትክልት ሥራ የኑሮው መሠረት ሆነ።

ቴምፕልተንም ካምፕሂልም እርሻ ነበራቸው፤ በሁለቱም ስፍራ ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ያለ ደመወዝ ሠሩ። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? በካምፕሂል አለቃ የሚባለውም ደመወዝ አልነበረውም፤ ምርቱን የሚበሉትም ያመረቱት ነበሩ። ይህን ልዩነት ትንሽ የሚሉ አሉ፤ ለእኛ ግን ትልቅ ነው። ሆኖም የሃው የባታቪያ ወቀሳ ካምፕሂልንም ይነካዋል፤ መንደሩ መልካም ቢሆን እንኳ የብቻ መንደር ነው።

ያንን ወቀሳ የመለሰው የ1975ቱ የአሜሪካ ሕግ ነው። ጉዳት ያለበት ልጅ ሁሉ በነፃ በመንግሥት ትምህርት ቤት እንዲማር፣ በተቻለ መጠንም ከሌሎች ልጆች ጋር እንዲሆን ታዘዘ። ተለያይተው የነበሩት ሁለቱ የልጆች እርሻዎች በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ መገናኘት የቻሉት ከዚህ በኋላ ነው። ለዚህም የሚሆነው ዕውቀት በከፊል ከሆስፒታል መጣ። በ1959 በኒው ዮርክ በረስክ ማገገሚያ ኢንስቲትዩት የመስተዋት አትክልት ቤት ተከፍቶ ሽባ የሆኑና አካላቸው የተጐዳ ሰዎች በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው አበባ የሚተክሉበት ዘዴ ይሞከር ነበር፤ ስፍራው በ2012 በአውሎ ነፋስ ጐርፍ እስኪጠፋ ድረስ 50 ዓመት ከሠራ በላይ አገልግሏል። በእንግሊዝም በ1978 በአትክልት ሥራ ሕክምና የሚረዳ ማኅበር ተቋቋመ።

ዘዴው ቀላል ነው፤ ውድም አይደለም። መደቡ ከመሬት ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ በአንድ ወገን ብቻ የሚደረስበት ከሆነ ስፋቱ ከ60 ሳንቲ ሜትር፣ በሁለት ወገን የሚደረስበት ከሆነ ከ120 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ የተቀመጠ ልጅ እጅ ከዚያ በላይ አይደርስምና። መንገዱ ተሽከርካሪ ወንበር እንዲያሳልፍ ይደለደላል። ለዓይነ ስውር ልጅ በመንገዱ ዳር ገመድ ይዘረጋል፤ በየመታጠፊያውም እንደ ናናና እንደ ጦስኝ ያለ ሽታው የሚለይ ተክል ይተከላል፤ ልጁ በአፍንጫው የት እንደ ደረሰ ያውቃል። ነገር በቃል ለማይገባው ልጅ የሥራው ተራ በሥዕል ይሰቀላል፤ መቈፈር፣ መዝራት፣ ማልበስ፣ ማጠጣት። ነገር ግን መደቡ ብቻውን ልጆችን አያቀራርብም። ጉዳት ያለበት ልጅ ከፍ ባለው መደብ፣ ሌሎቹ ልጆች ከታች ባለው ማሳ ከተለዩ ቴምፕልተን በትንሹ ተመለሰ ማለት ነው። ቁም ነገሩ ያለው ሥራውን በማጋራት ላይ ነው፤ አንዱ ሲቈፍር ሌላው ዘሩን ይጥላል፣ አንዱ ውሃ ሲቀዳ ሌላው ያጠጣል፤ መከሩም እኩል ይካፈላል።

በመጨረሻ የሆላንድን አገር ነገር እንጥቀስ። በዚያ ከ1990ዎቹ ወዲህ ትንንሽ ገበሬዎች ከእርሻቸው ብቻ መኖር ስላልቻሉ እርሻቸውን ለሕፃናት፣ ለአረጋውያንና ለታመሙ ሰዎች መዋያ አደረጉ፤ ቍጥራቸውም በ20 ዓመት ባልሞላ ጊዜ ከአንድ መቶ ከማይሞላ ተነሥቶ ከ1,000 በላይ ሆነ። ክፍያው ከቴምፕልተን ተገልብጧል፤ ልጁ ለገበሬው በነፃ አይሠራም፤ ገበሬው ልጁን ስላስተናገደ ይከፈለዋል። እስከ 2015 ድረስ የተለያየ የመንግሥት ገንዘብ ይደጕመው ነበር፤ በዚያ ዓመት ሥራ ላይ የዋለው የወጣቶች ሕግ ግን ሥራውን ለየከተማው አስተዳደር ስላስተላለፈ ገበሬው ከየአስተዳደሩ ጋር ውል መዋዋል ግዴታው ሆነ። ብዙ ልጆች የሚመጡት ቅዳሜ ነው፤ ወላጆቻቸው በዚያ ቀን ያርፋሉ። በትምህርት ቀን አብረዋቸው የሚማሩት ልጆች ግን ቅዳሜ በዚያ የሉም።